ጣና በአርካዊት

የጣናን ሐይቅ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በመርከብ አቋርጬዋለሁ። አጥርቼ ያየሁት ግን አርካዊት ከገባሁ በኋላ ነው።

አርካዊት ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ በምሥራቅ ሱዳን ተራሮች ላይ፣ ከስንካት አጠገብ ካለችው ደገኛ አርካዊት የመጣ ነው። የእኛው አርካዊት ግን ሜዳ ላይ ነው፤ ፀሐይና አቧራ፣ ራክሻ የሚሉት የባጃጅ ጩኸት፣ በየአጥሩ ሥር ለአላፊ አግዳሚ በዚር፣ በሸክላ ጋን፣ የተቀመጠ ውሃ። በሙቀቱ ወራት መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ መተኛት አይታሰብምና ዐንገረብ የሚባለውን አልጋችንን ወደ ሖሹ፣ ወደ ግቢው፣ እናወጣለን፤ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ጀበና ይጣዳል፣ ጨዋታ ይጀመራል። ጣናን ያየሁት እዚያ ነው፤ በጨለማ፣ ሰው እየጠየቀኝ።

ግቢው የአንዲት ሱዳናዊት ሐጃ ነበር። ከፊት እሳቸው ከነልጆቻቸው ይኖራሉ፤ የኋላዎቹን ክፍሎች ለእኛ አከራይተውናል። ከመካከላችን ትልቁ ጋሼ ናቸው፤ የአርማጭሆ ሰው፣ በደርግ ጊዜ በእግራቸው ድንበር ተሻግረው ካርቱም ውስጥ መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ። እትዬ ከወሎ ናቸው፤ ሳምንቱን ሰው ቤት ምግብ ሲሠሩ ይከርሙና ዓርብ ዓርብ ለእኛ ይሠሩልናል። ከደምቢ ዶሎ የመጣ፣ ገና ጢሙን ያላበቀለ ልጅ አለ። ከደንቢያ የመጣች አንዲት ዝምተኛ ልጅ አለች። እኔም አለሁ፣ የባሕር ዳሯ።

ነገሩን የጀመሩት ሐጃ ናቸው። ነሐሴ ነበር። ከጀሪፍ ሰፈር በኩል ሲመለሱ ጥቁር ዓባይን አይተውት ኖሮ ገና ሳይቀመጡ፣ «ውሃው ቀልቷል። ይህ ሁሉ አፈር ከወረደ እናንተ ምን ላይ ታርሳላችሁ?» አሉን። ለወቀሳ አልነበረም፤ ከልባቸው ተጨንቀው ነው። ሐጃ የተወለዱት ቱቲ ላይ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ቦታ ላይ በተኛችው ደሴት። እ.ኤ.አ. በ1946 ታላቁ ጎርፍ ሲመጣ ሕፃን ነበሩ። የደሴቲቱ ወንድ አፈርና እንጨት እየተሸከመ ዳርቻውን ሲገድብ ማደሩን፣ ሴቱም እልል እያለ ሲያበረታ መንጋቱን ከእናታቸው ሰምተው ነው ያደጉት። ለዚያ ሌሊት ዘፈን ወጥቶለታል፤ ሱዳኖች ዛሬም ይዘፍኑታል። ቱቲ ላይ ወንዙ ሲሞላ ሰው በየተራ ይጠብቀዋል እንጂ አይተኛም። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ውሃ ሲጠይቅ እንደ ዋዛ አይመለስለትም።

«መነሻውን አይተሽዋል?» አሉኝ።

«ያደግኩት እዳሩ ነው።»

«በጀልባ ሄደሽበታል?»

«ከዳር እስከ ዳር።»

«በይ ንገሪኝ ልጄ፤ ምንም እንዳታስቀሪ።»

ዓረብኛዬ ያን ጊዜ ገና ስለ ነበር ጋሼ ያስተረጉሙልኝ ጀመር። ከዚያች ሌሊት ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ከመካከላችን አንዱ ሆድ በባሰው ቁጥር፣ «እስቲ ያቺን መርከብ አንሺልን» ይባላል።

ጥቅምት 2001 ዓ.ም. ነበር። ክረምቱ አልቆ ሐይቁ ጢም ብሏል። ወደ ሱዳን ልሄድ ተነሥቻለሁ፤ መንገዴ በጎንደር ወደ መተማ ነው። እናቴ፣ «ሰው በአውቶቡስ በሦስት ሰዓት የሚደርስበትን አገር ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ላይ ምን አንከራተተው?» ብላ ተቆጥታኝ ነበር። ልክ ናት፤ ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። መርከቢቱ ግን እሑድ ማለዳ ከባሕር ዳር ወደብ ተነሥታ ዘጌንና ደቅን አዳርሳ ቁንዝላ ታድር ነበር፤ ሰኞ ደልጊን ነክታ ጎርጎራ ትገባ ነበር። በእኛ ዳር ሐይቁ ውስጥ ልብስ አጥቤያለሁ፣ ዋኝቻለሁ፤ እዳሩ ተቀምጬ ቀረሶ ተጠብሶልኝ በልቻለሁ። ወዲያኛውን ዳር ግን አላውቀውም። አገር ልለቅ ስል ይህ አንገበገበኝ። ወዲያ ማዶውን ሳላይ ልሄድ ነው?

መርከቢቱ ለጎብኚ የተሠራች አይደለችም። ከታች እህል በየኬሻው ተቆልሏል፣ ቆርቆሮ ተደርድሯል፣ እግራቸው የታሰሩ ዶሮዎች ይንጫጫሉ። ሰው ከላይ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የጣና መርከቦች ሥራ ይኸው ነው፤ መኪና የማይገባበትን ዳርቻ ሁሉ ከገበያ ጋር ማገናኘት። የደምቢ ዶሎው ልጅ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቆመኛል። «ሞተሩስ? ድምፁ እንዴት ነው?» ጋራዥ ከጋሼ ጋር ይውላልና የሚያሳስበው ይኸው ነው። ለሞተሩ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ሲጠይቀኝ ግን አግዳሚው ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር ትዝ አለኝ፤ አጠገቤ የተቀመጡት እማሆይ የዳዊት መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያነቡ ፊደሉ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ጣታቸውን አስደግፈው እንደ ነበር ትዝ አለኝ። የናፍጣው ሽታ ከእማሆይ ዕጣን ጋር ተቀላቅሎ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ይህን ሁሉ መርከቢቱ ላይ ሳለሁ አላየሁትም ማለት ይቻላል። አርካዊት ላይ አንድ ልጅ ስለ ሞተር ስለ ጠየቀኝ ነው ያየሁት።

ወደቡን ለቅቀን ወደ ባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ ስንወጣ ከተማው ከኋላችን ዝቅ አለ፤ መጀመሪያ ሰዎቹ ጠፉ፣ ከዚያ ዘንባባዎቹ፣ ከዚያ ፎቆቹ። በስተቀኝ ደብረ ማርያምና የዓባይ መውጫ። ጉማሬ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። ወይጦዎች የሚሠሩት የደንገል ታንኳ እንጨት ተጭኖበት ከፊታችን ሲያልፍ ቀዛፊው የመርከቢቱን ማዕበል ጠብቆ አፍንጫዋን ወደ እኛ አዞረ፤ ታንኳይቱ ከፍ ዝቅ ብላ ተረጋጋች፤ እሱ ቀና ብሎም አላየን። ውሃው ማለዳ ላይ ቡናማ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ሲል ወደ ብር ይለወጣል። ጋሼ ጥልቀቱን ይጠይቁኛል፤ መልሱን ግን ራሳቸው ያውቁታል፤ ሐጃን ማስደነቅ ይወዳሉ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ቢሆን ነው። ሐጃ ሁልጊዜ፣ «ሰፊ ሳህን ነዋ!» ይላሉ።

ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ደሴቶች ናቸው፤ መርከቢቱ በአጠገባቸው ታልፋለች። ክብራን ለሴት አይፈቀድም። ከሩቅ ግን ማንም ይሳለማል። ከአግዳሚው ሁሉ ሰው ብድግ አለ፤ ነጋዴው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ልጅ ያዘለችው ሴት የልጇን ግንባር ወደ ደሴቱ አዞረች፣ እማሆይ ዳዊታቸውን አጠፉ። እትዬ ከዚህ ቦታ እንዳላልፍ ነው የሚፈልጉት። «አንቺስ? አንቺ ምን አደረግሽ?» ይሉኛል፤ ስንት ጊዜ ሰምተውት። «ተነሥቼ ተሳለምኩ።» «እንዲያ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ልቀጥል እችላለሁ።

ዘጌ ላይ ብዙ ቆየን። ዘጌ ማለት ውሃው ድረስ የወረደ የቡና ጫካ ነው። በአባ በትረ ማርያም ቃል መሬቱ አይታረስም ይባላል፤ ቡናውም ከእሳቸው በትር በቀለ ይባላል። ኬሻ ቡና፣ ጌሾ፣ ሎሚ ተጫነ። የጫካው ጥላ መርከቢቱ ላይ ሲያርፍ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ካርቱም በ45 ዲግሪ ሲነድድ ይህን ጥላ መናገር ለእኔም ለሰሚውም ሥቃይ ነበር። ሐጃ ጀበናቸውን በጀንዘቢል፣ በዝንጅብል፣ ነው የሚያፈሉት። እኛ ደግሞ ያለ ጀንዘቢል። በዚህ ተከራክረን አንጨርስም። ዘጌ ላይ በደረስን ቁጥር ግን ሳይነጋገሩ ሁለቱም ጀበና ይጣዳል።

ደቅ ሰፊና ሜዳማ ደሴት ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ያለችው እዚያ ነው። አጠገቡ ዳጋ እስጢፋኖስ ሾጥጦ ቆሟል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዐፄ ዘድንግል፣ ዐፄ ፋሲል ያረፉት እዚያ ነው። ጋሼ እዚህ ላይ ከእኔ ይቀማሉ፤ ከዐፄዎቹ ተነሥተው ወደ ራሳቸው ዘመን ይመጣሉ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው መጨረሻ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ካርቱም መጥተው መክረማቸውን፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ መስቀላቸውን ያወራሉ። «ንጉሥም እዚህ አገር ጠብቋል» ይላሉ። ከስደተኛ አፍ ሲሰማ ይህ ወሬ ሌላ ክብደት አለው።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጣና እንዲህ ነው፤ ጠዋት ዝም ይልና ከቀትር በኋላ ይቆጣል። መርከቢቱ መንገጫገጭ ስትጀምር ነጋዴዎቹ ጨዋታ አቆሙ፤ ዶሮዎቹ ብቻ ጮኹ። እማሆይ እጄን ያዙ። እጃቸው እንደ ሥር የጠጠረ፣ ሙቅ ነበር። ቁንዝላ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው።

ለእኔ ጉዞው ሁሉ ቁንዝላ ነው። ቁንዝላ በሐይቁ ምዕራብ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አብዛኛው ሰው ወርዶ ማደሪያ ፍለጋ ሄደ። እማሆይና እኔ ከሌሎች ጥቂቶች ጋር መርከቢቱ ላይ ቀረን፤ ኬሻዎቹ መካከል ጋቢያችንን ዘርግተን። ሞተሩ ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ የደበቀው ድምፅ ሁሉ ወጣ። ውሃው የመርከቢቱን ሆድ ቀስ እያለ ይመታል። እንቁራሪት። ከደንገሉ ውስጥ የሆነ ትልቅ ነገር ትንፋሹን ይለቃል፤ ጉማሬ ነው ተባልኩ። ከመንደሩ የኩራዝ ብርሃን አንድ በአንድ ጠፋ። ከዚያ ሰማዩ ወረደ። ባሕር ዳር የመንገድ መብራት ሥር ነው ያደግኩት፤ ያን ያህል ኮከብ አይቼ አላውቅም።

እትዬ ጨረቃ ይፈልጋሉ። «ጨረቃ ነበረች በይ፤ ውሃ ላይ ጨረቃ ደስ ይላል።» አልጨመርኩላቸውም። ጨረቃ አልነበረችም። ስለዚያች ሌሊት ያለኝ ነገር ጥቂት ነው፤ አንድ ነገር ብጨምርበት የቀረውን ራሴም የማላምነው መሰለኝ። ስለዚህ ኮከብ ብቻ።

እማሆይ ውዳሴ ማርያም አድርሰው ሲጨርሱ፣ «ወዴት ነው የምትሄጂ ልጄ?» አሉኝ። «ሱዳን።» ብዙ ዝም አሉ። ይመክሩኛል፣ ይገሥጹኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጨርቃቸውን ፈቱና ከዘጌ የያዙትን ሎሚ ሰጡኝ። «በረሃ ነው፤ ሲያዞርሽ አሽትቺው፤ ሲጠማሽ አትቸኩይ፣ ጭመቂበት።» ይኸው ነበር ምክራቸው። መተማ ላይ የመኪናው ጣራ እንደ ምጣድ ሲግል የተጠቀምኩበት እሱን ነው። ሐጃ ይህን በሰሙ ጊዜ ብድግ ብለው ገቡና የቱቲ ሎሚ ይዘው ወጡ፤ «እኛም እንዲሁ ነው የምናደርገው» ብለው ለሁላችን አደሉን። ቱቲ የአትክልትና የሎሚ ደሴት ናት።

ማግስቱን የምነግረው እኔ አይደለሁም። ሻላዎቹ በውሃው ላይ ዝቅ ብለው ሲበርሩ፣ ደልጊን ስናልፍ፣ የደንቢያ ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ሆኖ ሲመጣ፣ ያቺ ዝምተኛ ልጅ፣ «ከዚህ ወዲያ ለእኔ ተዪው» ትላለች። ያደገችው ከጎርጎራ ወጣ ብሎ ነው። ከብት ስትጠብቅ መርከቢቱን ከጉብታው ላይ ታያት ነበር፤ መጀመሪያ ነጥብ፣ ከዚያ ጢስ፣ ከዚያ ሰው የሚመስል ነገር። ወንዶቹ ልጆች እስከ ወደቡ ይሮጣሉ፤ እሷ ከብቶቹን ትታ መሄድ አትችልም። ሰው ሲወርድ፣ እህል ሲጫን ከሩቅ ታያለች። ተሳፍራ አታውቅም። ዐፄ ሱስንዮስ የከተሙበትን ጎርጎራን፣ የደብረ ሲናን የሣር ክዳን፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረብ የሚያሰጡበትን ዛፍ የምትነግረን እሷ ናት። እኔ ከውስጥ ሆኜ ዳሩን አይቻለሁ፤ እሷ ከዳር ሆና መርከቧን አይታለች። አርካዊት ባንገናኝ ኖሮ ሁለታችንም ግማሽ ሐይቅ ይዘን እንቀር ነበር። ይህን ሳስብ ያ ስደት፣ ከነመራራው፣ የሰጠኝን ነገር አልክድም።

ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ወዲህ ካርቱም ውስጥ ዓባይ ሲባል ወሬው ሁሉ ግድብ ነበር፤ ሬዲዮው፣ ሻይ ቤቱ፣ ታክሲው። በእኛ ሖሽ ዓባይ ሲባል ቁንዝላ ነበር። ሐጃም ከብዙ ቀን በኋላ፣ «እናንተ የእናንተን አሳይታችሁኛል፤ አሁን እኔ የእኔን ላሳያችሁ» አሉ።

የጥምቀት ሰሞን ነበር። ካርቱም በዚያ ወር ደስ ትላለች፤ ማታው ይቀዘቅዛል፣ ሰው ይደርባል። ከዓባይ ዳር መንገድ ጀልባ ተከራየን፤ ላስቲክ ወንበር የተደረደረባት፣ ቀለም ቀለም አምፖል የተንጠለጠለባት። ጀልባ ነጂው ሙዚቃ ከፈተ። ሐጃ ቶባቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ ቀንስልን፤ ውሃውን ልንሰማ ነው የመጣነው» አሉት፤ ቀነሰልን። በአንድ የመርከብ ክለብ ግቢ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር እ.ኤ.አ. በ1898 ኦምዱርማንን ሲወጋ ያዘመታት የጦር ጀልባ፣ ሜሊክ፣ በደረቅ ላይ ተቀምጣ አሳዩን። እ.ኤ.አ. በ2009 በተከፈተው የቱቲ ድልድይ ሥር ስናልፍ ሐጃ ቀና ብለው አዩት። እሱ ሳይሠራ በፊት በበንጡን፣ በማሻገሪያ ጀልባ፣ ነበር የሚሻገሩት፤ እናታቸው ለሆስፒታል ሲወሰዱ የመጨረሻው በንጡን አምልጧቸው ሌሊቱን ዳር ላይ እንዳነጉ ነገሩን። የቱቲ ማሳ በጨለማ እርጥብ ሣር ሣር ይሸታል።

የደምቢ ዶሎው ልጅ እጁን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ «ይኸው ጣና!» አለ።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጣና ከጥቁር ዓባይ ውሃ ከመቶ ስምንት እጅ ገደማ ቢሆን ነው። የቀረው ከታች የሚገባው ነው። በሽሎ አለ፣ ጀማ አለ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዴዴሳ፣ ዳቡስ።»

«በሽሎ?» አሉ እትዬ። «የእኛው በሽሎ? የወሎው?»

«የወሎው።»

እትዬ ወደ ውሃው ጎንበስ አሉ። እዚያ ጀልባ ላይ እስከዚያች ደቂቃ የእኔን አገር ሊያዩ የመጡ እንግዳ ነበሩ። ልጁ ደግሞ የእሱ ወንዝ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ጋሼን ይዞ አልለቅም አለ። ጋሼ ሳቁ። «የአንተ ከዚህ አይደለም። የአገርህ ብርብር ባሮ ይገባል፣ ባሮ ሶባት ይሆናል፣ ሶባት ነጭ ዓባይ ይገባል። ቆይ፣ ትንሽ ጠብቅ።» ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ሙቅረን ደረስን። በዚያ ወር ጥቁር ዓባይ ይጠራል፤ ነጩ ወተት የነካው ውሃ ይመስላል፤ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲሄዱ መስመሩ በአምፖላችን ብርሃን ታየ። ጋሼ በግራ በኩል አመለከቱት፤ «ያ ነው የአንተ።» ልጁ ወንበሩን አንሥቶ ወደዚያኛው ጎን ተዛወረ። ደንቢያይቱ የመገጭ ወንዝ ጣና እንደሚገባ ታውቃለች፤ እሷ ከእኔ ጋር ቀረች። «የእርስዎስ ጋሼ?» አልናቸው። «አንገረብ አትባራ ይገባል፤ አትባራ ደግሞ ከዚህ በታች ወደ ሰሜን ነው የሚገናኘው። እኔ ገና አልደረስኩም» አሉ። ሐጃ ሁሉ ነገር ሲተረጎምላቸው ዝም ብለው ሰሙና፣ «እና ሁላችሁም እየመጣችሁ በቤቴ በር የምታልፉት እናንተ ናችሁ!» አሉ። ለካ ተከራይ ሳንሆን ጀምሮ ያውቁን ነበር።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳም ሹር ነበር። እትዬ ለፋሲካ ዶሮ ሊያርዱ ቢላ ይስላሉ። ሐጃ የረመዳንን የመጨረሻ ሳምንት ጾም ይዘዋል። ጠዋት ላይ ከስፖርት ከተማውና ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል ተኩስ ተሰማ፤ የሰርግ መስሎን ነበር፣ አላቆመም፤ የሱዳን ጦርነት ጀምሮ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው የሰፈራችን ጎረቤት ነው፤ የሚፈነዳው ሁሉ መስኮታችንን ያንቀጠቅጣል። ሐጃ ሁላችንንም ወደ ውስጠኛው ክፍላቸው አስገቡን። ፋሲካን የፈታነው እዚያ ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ተለጥፈን ነው፤ ዶሮው ሳይታረድ፣ እሳቸው ባወጡልን ዳቦና እንቁላል። ማታ መግሪብ ሲደርስ እሳቸውም ከዚያው ዳቦ ቆርሰው ጾማቸውን ፈቱ። መብራትም ውሃም ጠፋ። ከልጅ ልጆቻቸው ትንሹ በየፍንዳታው ሲጮህ፣ ሐጃ፣ «ያቺን መርከብ አንሺለት» አሉኝ። አነሣሁለት። ያን ጊዜ ዓረብኛዬ በቂ ነበር፤ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ዘጌ ላይ እንደ ደረስን እንቅልፍ ወሰደው፤ እኔ ግን እስከ ጎርጎራ ቀጠልኩ፤ የምትቀጥለው ልጅ በፍርሃት አፏ ተዘግቶ ስለ ነበር ደንቢያንም እኔው ነገርኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በገዳሪፍ አድርገን ወደ መተማ ወጣን፤ ጋሼ በእግራቸው የገቡበትን ድንበር ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ተመልሰው ተሻገሩት። ሐጃና ልጆቻቸው ወደ ፖርት ሱዳን ሄዱ፤ መንገዳቸው በስንካት በኩል ነውና ተራራማዋን አርካዊት አጠገብ አልፈዋል። የደምቢ ዶሎው ልጅ ጁባ ነው፤ ነጩን ዓባይ ተከትሎ ወጣ። እትዬ ወሎ ገቡ። ደንቢያይቱ አገሯ ናት።

እኔ ባሕር ዳር ነኝ። ሐጃ ይደውሉልኛል። የካርቱም ወሬ ከእሳቸው ነው የሚደርሰኝ፤ የሱዳን ጦር ከተማውን መልሶ ከያዘ በኋላ ልጃቸው ሄዶ ቤቱን አይቶታል። ግድግዳው አለ፤ በርና መስኮቱ የለም፤ ዐንገረቦቹም የሉም። እኔ የሐይቁን እነግራቸዋለሁ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ በደንቢያ ዳር ያደረሰውን ስነግራቸው አልገረማቸውም፤ ነጭ ዓባይ ላይ ከእሳቸው ወጣትነት ጀምሮ ያለ አረም ነው፤ የጀበል አውሊያ ግድብ ባያቆመው ኖሮ ቱቲ ይደርስ እንደ ነበር ነገሩኝ። ጎርጎራ ላይ ትልቅ ማረፊያ መሠራቱን ስነግራቸው ደንቢያይቱ ሥራ ታገኝበት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በተሳቢ ተጭና በየብስ ስትመጣ በየከተማው ሰው ወጥቶ እንደ ተቀበላት ስነግራቸው ግን ማመን አቃታቸው።

«መርከብ? በተራራ ላይ?»

«በተራራ ላይ፣ ሐጃ። ሰው እልል እያለ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቆይተው፣ «መንገዱ ሰላም ሲሆን እመጣለሁ። በየትኛው ቀን ነው የምትነሣው?» አሉኝ።

«በእኛ ጊዜ እሑድ ማለዳ ነበር። ቅዳሜ ባሕር ዳር ይግቡ፣ እኔ ቤት ያድራሉ። ቁንዝላ ሌሊቱን ይበርዳልና ሁለት ቶብ ይያዙ።»

«እሺ። እናንተ የምትነሡበት ቦታ ስንደርስ ደግሞ ንገሪኝ፤ እኔም እነሣለሁ።»